ከሰዓቱ ስር የቆመችው

«ጥሩንባ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት መንገደኞች ናቸው፤ ወደውት እንዳይመስላችሁ። የባቡር ጣቢያው ድምፅ ማጉያ በእጁ በነበረበት ዘመን፣ ፎቅ ላይ ባለችው ባለመስታወት ክፍል ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ክቡራን መንገደኞች» ሲል፣ ከታች ሻንጣውን ታቅፎ የቆመው ሕዝብ ቀሪውን ሳይሰማ ማጉረምረም ይጀምር ነበር። ቀሪውን ያውቀዋላ! ባቡሩ ዘግይቷል። የጠዋቱ ዘግይቷል፣ የከሰዓቱ ዘግይቷል፣ የትናንቱም ገና መንገድ ላይ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ደመወዝ የበላው በዚያች በአንዲት ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጡረታ ሲወጣ ቃሏን እዚያው ጣላትና ድምፁን ብቻ ይዞ ቤት ገባ። መጀመሪያ ሰሞን «ክቡራን ቤተሰቦች፣ ምሳ ቀርቧል» እያለ ቤቱን ያናውጠው ነበር። ቤተሰብ የሚባለው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ምሳውን ያቀረበችውም እሷው ናት። ልጃቸው አግብታ ከወጣች ቆይታለች። ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ነች፤ ሳሎኑ መስኮት ስር ከስፌት መኪናዋ ጋር ስትውል ከብርሃንና ከጸጥታ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ባልየው አንድ ቀን ከክንድ የማይበልጥ፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ መንኮራኩሮቹ ቀይ የተቀቡ የእንፋሎት ባቡር በካርቶን አቅፎ ሲገባ፣ እሰይ አለች። እጁ ሥራ ካገኘ አፉ ያርፋል ብላ ነው። ምስኪን።

ባቡር ሀዲድ ይፈልጋል፤ ሀዲድ ደግሞ ጠረጴዛ። ባቡሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳ ሲደርስ መዞር አለበት፤ መዞሪያው ላይ ሶፋው አለ። ሶፋው ጎረቤት ቤት ሄደ። ቡፌው መኝታ ቤት ገባና አልጋውን ከግድግዳው አጣበቀው፤ ከዚያ ወዲህ እሷ አልጋዋ ላይ የምትወጣው ከእግርጌ በኩል እየተሳበች ነው። ለጠረጴዛ የሚሆን የኮምፔንሳቶ ጣውላ እየተቆረጠና እየተመታ ሳሎኑን በአራቱም ግድግዳ ዞረው። በመጨረሻ ተራራ አስፈለገ። «ያለ ተራራ ዋሻ የለም፣ ያለ ዋሻ ምኑን ባቡር ሆነ?» አለና፣ በጋዜጣና በጄሶ የሠራውን ተራራ መስኮቱ ላይ ገተረው። የስፌት መኪናዋ ተራራ ስር ቀረች። ሴትየዋ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ትሰፋለች። ደንበኞቿ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ አጎንብሰው ይገቡና ቀና ሲሉ ጭንቅላታቸው ከተራራው ጋር ይጋጫል፤ አንዷ ወፈር ያለች ደንበኛማ አንድ መንደር በዳሌዋ ጠርጋ ሄዳለች።

ሰማዩ የተሠራው ከምርጡ አንሶላዋ ነው። ጫካው ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጇ፣ ሜዳው ከአረንጓዴ ሹራቧ። ሹራቡን ሲቆራርጠው ደርሳ «ኧረ አንተ ሰውዬ!» ብትለው፣ «አትለብሺውም እኮ» አላት። አለመልበሷ ለደህና ቀን ብላ ነበር። ደህናው ቀን ሳይመጣ የፕላስቲክ ላሞች ተሰማሩበት።

ከሁሉ የከፋው ግን ድልድዩ ነው። ሀዲዱ የጓዳውን በር አቋርጦ ማለፍ ነበረበትና፣ ባልየው በማጠፊያ የሚነሳና የሚወርድ የእንጨት ድልድይ በሩ ላይ አበጀ፤ ከጎኑ ቀይ አምፖል ሰቀለ። ሕጉ አጭር ነው። ቀዩ ከበራ ባቡር መስመር ላይ ነው፣ ድልድዩ አይነሳም፣ ሰው አያልፍም። እሷ የጋለ ድስት በጨርቅ ይዛ፣ ጓዳው በር ላይ ተገትራ፣ ጣቶቿ እየተለበለቡ ትጠብቃለች። ባቡሩ ተራራውን ዞሮ፣ ዋሻውን አልፎ፣ ጣቢያው ላይ ቆሞ፣ የሌለ መንገደኛ አውርዶ የሌለ መንገደኛ ጭኖ ሲያበቃ ፊሽካውን ነፍቶ ይመጣል። «ክቡራን መንገደኞች፣ ከመስመሩ ራቁ!» ይላል ባልየው፣ ሲሰናበት ለማስታወሻ በሰጡት አሮጌ ማይክሮፎን። ይህን የሚለው ከሁለቱ በቀር ዝንብ እንኳ በሌለበት ቤት ውስጥ ነው። አንድ ነገር ግን ይነገርለት፤ በዚህ ከተማ አንድም ባቡር ዘግይቶ አያውቅም።

«በትክክል እንደነበረው!» ነው መፈክሩ። ጣቢያው በወጣትነቱ የሠራበት ጣቢያ ነው፤ ከሰሌዳው እስከ ሻንጣ ሚዛኑ፣ ከትልቁ ሰዓት እስከ ጭራ የሌለው ውሻ፣ አንድም ሳይጎድል። ለዚህ የሚያማክሩት ሁለት የድሮ ባልደረቦች ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንዱ ባንዲራ ሲያውለበልብና ፋኖስ ሲያንጠለጥል የኖረ ምልክት ሰጪ ነው። ሌላው የእንፋሎት ባቡሩን ምድጃ በአካፋ ሲመግብ ያረጀ፣ «ከሰል አጉራሹ» የሚሉት ነው። ሦስቱ ተሰብስበው አንድ ክረምት ሙሉ በጣቢያው መጸዳጃ ቤት በር ቀለም ተጨቃጨቁ። ምልክት ሰጪው አረንጓዴ ነበር አለ፤ ባልየው ግራጫ ነበር አለ። ተኮራርፈው ሁሉ ነበር። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ግራጫ ሆነ። ሴትየዋ እንደምታስታውሰው መጸዳጃ ቤቱ በር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሴቶች ተራ በተራ በነጠላ ይከላለሉ ነበር። ግን ማን ጠየቃት?

የጭሱ ነገርማ ጉድ ነው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጠብታ ዘይት ይጨመርና ነጭ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ጭስ ቡልቅ ይላል። እውነተኛው ጭስ ሳንባውን የጨረሰው፣ አንድ ደረጃ ለመውጣት ሦስቴ የሚያርፈው ከሰል አጉራሹ ይህን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። «ወይ ጊዜ! ወይ ደጉ ጊዜ!» ይላል፤ ወዲያው ሳሉ ይነሳና ያፍነዋል። እሷ ውሃ ይዛለት ትመጣለች። ቀዩ አምፖል ከጠፋ በኋላ ነው ታዲያ።

አሁን ከከተማዋ የቀረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት። ቢጫዋ ልጅ።

የቢጫዋን ልጅ ታሪክ ያልሰማ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቧንቧ ሠራተኛ የለም። ባልየው ሰው ካገኘ ይጀምራል። «እኔ ከላይ ነኝ። ከታች ሕዝብ እንደ ጉድ ነው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል አንዲት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ሀዲዱ አፋፍ ላይ ቆማለች! ማይክሮፎኑን ያዝኩና ‹ቢጫ ቀሚስ የለበስሽው፣ ከመስመሩ ራቂ!› ብዬ ጮህኩባት። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አያት። አሳዘነችኝ። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩና ሰዓቱ አጠገብ አገኘኋት። ‹ደነገጥሽ?› ብላት፣ ‹ምን ያስደነግጠኛል!› አትለኝም? አንገትጌዋ ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ነበር። በቃ፣ በዚያው ቀረሁ!» ይልና በእጁ ወደ ሚስቱ ያመለክታል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሷም ፈገግ ትላለች።

ሴትየዋ በሕይወቷ ቢጫ ለብሳ አታውቅም።

ያን ቀን የለበሰችው ሰማያዊ ነበር። ስፌት ስትማር በገዛ እጇ የሰፋችው የመጀመሪያ ቀሚሷ ነው፤ አንገትጌው ጠሞባት አልቅሳበታለች። ጣቢያ የሄደችው አክስቷን ልትቀበል ነው። አክስትየዋ «ከሰዓቱ ስር ጠብቂኝ» ስላሏት ከሰዓቱ ስር ቆመች። ባቡሩ ግን ያው እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ እግሯ እስኪያብጥ አስጠበቃት። ቢጫዋ ልጅ ሌላ ናት። ተጮኸባት፣ ደነገጠች፣ ሊነሳ በነበረው ባቡር ተሳፍራ ሄደች። ባልየው ደረጃውን ሲወርድ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ ነበር። ያለ መነጽር ከክንዱ ርቀት ያለፈ ሰው ሁሉ ለሱ ጥላ ነው። መጀመሪያ ያገኛትን ልጅ ተጠግቶ «ደነገጥሽ?» አላት። እሷም «ምን ያስደነግጠኛል! ያናድደኛል እንጂ!» አለችው። ሁለተኛውን ግማሽ ከታሪኩ ቆርጦ ጥሎታል።

አልነገረችውም እንዳትሉ። ገና ሳይጋቡ ነግራዋለች፤ ልጃቸው ስትወለድም ነግራዋለች። «ተይ እንጂ! ከላይ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ከታች ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ?» ነው መልሱ። ተወችው። የተወችው ግን ነገሩ ቀሏት አይደለም፤ አንጀቷ እያረረ ነው። ባል ሌላ ሴት ቢያይ እንኳ ስም አለው፤ ሄደው ይጣሏታል። ይሄኛው ስሟን የማያውቃትን፣ በባቡር የሄደችን ልጅ በሷ ላይ አልብሶ ዕድሜዋን ሙሉ አኖራት።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ባልየው ተራራው ስር አጎንብሶ ገባና፣ ከሽቦ የተሠራች የአውራ ጣት ቁመት ያላት ሴት አስጨበጣት። የከተማዋ የምረቃ ቀን ተቆርጧል። «ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ አታጪም። ልበሺ... ማለቴ፣ አልብሻት። አንገትጌው ወደ ግራ ዘንበል ይበል፤ በትክክል እንደነበረው።»

ከቁራጭ ጨርቅ ከረጢቷ ቢጫ ገበር አገኘች። ቀሚሱ ከማነሱ የተነሳ መርፌ አልይዝ ብሏት ሁለት ቀን ታግላ ሰፋችው። አንገትጌው ላይ ስትደርስ ግን እጇ እምቢ አላት። ያቺ ልጅ ቀሚሱን ትውሰድ፣ ታሪኩንም ትውሰድ፤ ያለቀሰችበትን አንገትጌ ግን ለማንም አትሰጥም። ቀጥ አድርጋ ሰፋችው። ከረጢቱን ስትመልስ ከታች ሰማያዊ ነገር ወጣ፤ የዚያ ቀሚስ ቁራጭ ነው። አላሰበችበትም። ሽቦ አጠፈች፣ ጥጥ ጠቀለለች፣ ሌላ ሴት ሠራች፤ አንገትጌዋን አጣመመችላት። የምረቃው ቀን ጠዋት፣ እሱ ሲላጭ፣ ከትልቁ ሰዓት ስር፣ ጭራ ከሌለው ውሻ አጠገብ በሙጫ አቆመቻት። ሳሎኗን በበላው ከተማ ውስጥ የአውራ ጣት ያህል ቦታ ነው የፈለገችው። ዓይቶ «ይቺ ማናት?» እንዲላትና አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው እንዲሰማት።

እንግዶቹ መጡ። ሁለቱ ባልደረቦች፣ ልጃቸው፣ ሶፋውን የወሰደችው ጎረቤት። ባልየው የደንብ ልብሱን ለብሷል፤ ቁልፎቹ ሆዱን ፈርተው እንደ ምንም ተይዘዋል። ጣቢያውን የሸፈነውን ፎጣ ገፈፈ። ጭብጨባ ሆነ። ቢጫዋ ልጅ ሀዲዱ አፋፍ ላይ ቆማለች። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ማይክሮፎን ስለነበረው ደግሞ ሰፈሩም ሰማ።

«እማዬ፣ ቢጫ ያምርብሽ ነበር ማለት ነው!» አለች ልጃቸው።

«ሰማያዊዋስ?» አለ ምልክት ሰጪው ወደ ሰዓቱ እያመለከተ።

ባልየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አጎነበሰና ዓይኑን አጨነቆረ። «የታለች? ይቺ ደግሞ ማናት?»

ሴትየዋ ጠጋ አለች። «ከሰዓቱ ስር የቆመች ሴት ናት፤ ባቡር የምትጠብቅ።»

«እዚያ ጋ ሰው አልነበረም።»

«ነበረ።»

«ውሻው ነው የነበረው። ውሻውን በደንብ ነው የማስታውሰው፣ ጭራ አልነበረውም። ሰው ግን አልነበረም።» ወረንጦውን አነሳ። «ደስ እንዳለን ሰው የምናቆም ከሆነማ ይሄ ታሪክ መሆኑ ይቀርና የልጆች መጫወቻ ይሆናል።» ሰማያዊዋን በወገቧ ቆንጥጦ ነቀላትና የተረፉ ሰዎች የሚቀመጡበት የካራሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ጣላት። ክዳኑን ገጥሞ መታ መታ አደረገው።

ሴትየዋ ሻይ ላምጣ ብላ ጓዳ ገባች። ስኒዎቹን ትሪው ላይ እያንኳኳች ደረደረች። ውሻውን አስታወሰ! ለውሻው፣ ለሚዛኑ፣ ላልነበረ የመጸዳጃ ቤት በር ቦታ ተገኘ! እንባዋ መጣ፤ ከእንባው በፊት ግን ንዴቱ ደረሰ።

ከሳሎን የከሰል አጉራሹ ድምፅ ይሰማታል። «ቆይማ፣ ወንድሜ። ቢጫዋ ልጅ እኮ ተሳፍራለች። ያን ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ። ደንግጣ ስታለቅስ እጇን ይዤ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ጣቢያ አብራን ሄዳለች።»

«የከሰሉ ጭስ ጭንቅላትህን አዙሮታል» አለ ባልየው። «ተሳፍራ ከሄደች፣ ታዲያ እኔ ማንን አገባሁ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሴትየዋ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ቀዩ አምፖል ቦግ አለ። ባቡሩ ነጭ ጭሱን እየተፋ ከዋሻው ወጥቷል። ባልየው ማይክሮፎኑን አነሳ። «የጓዳዋ እመቤት፣ ከመስመሩ ራቂ!»

ትሪውን መሬት ላይ አኖረች። ድልድዩን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ላይ አነሳችው።

ባልየው ጮኸ። ማይክሮፎኑን ጥሎ ማቆሚያውን እንዴት እንደጠመዘዘው እሱም አያውቅም። ባቡሩ ተንገጫግጮ ቆመ፤ የፊት መንኮራኩሮቹ ከገደሉ አፋፍ ወጥተው አየር ላይ ይሽከረከራሉ። እሷ በተከፈተው በር አልፋ፣ ማንንም ሳታይ፣ የወደቀውን ማይክሮፎን አነሳች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ክቡራን መንገደኞች» አለች። «ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከሰዓቱ ስር አክስቷን ስትጠብቅ የነበረች ልጅ ካራሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኝታለች። ያገባት ሰው ካለ ቀርቦ ይውሰድ።»

ጎረቤትየዋ አፏን ያዘች። የሳቀ የለም።

«ምን እያልሽ ነው አንቺ?»

«መነጽርህን አድርግ።»

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ቆርቆሮውን ከፈተ። መጀመሪያ ፖስተኛው ወጣ፣ ቀጥሎ ጭንቅላት የሌለው ሻንጣ ተሸካሚ፤ በመጨረሻ ሰማያዊዋ። አፍንጫው ድረስ አስጠጋት። አንገትጌዋ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ዞሮ ቢጫዋን አየ፤ የሷ ቀጥ ያለ ነው። ተመልሶ ሰማያዊዋን አየ።

«አንገትጌው...» አለ።

«የመጀመሪያ ስፌቴ ነው። አልቅሼበታለሁ።»

ድምፅ አጥቶ የማያውቅ ሰው ድምፅ አጣ። አንገትጌውንስ አልረሳውም ኖሯል። ያን ያህል ቀርቦ ያያት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከላይ ሆኖ ነው ሲያያት የኖረው። ሴትየዋ ይህ ገባትና ሆዷ ሊራራ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ሰውየው ቃል ወጣው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባዬ!» አለች ልጃቸው።

ተራራውን አንስታ ብትከምርበት ማንም አይፈርድባትም ነበር። ሳቀች እንጂ። ክፉ ሳቅ ነው፤ ከሰል አጉራሹ እንኳ ማሳል ተወ።

ባልየው ወረንጦውን አንስቶ ቢጫዋን ወደ ቆርቆሮው ሊወረውር ሲል እጁን ያዘችው። «ተዋት! እሷ ምን አጠፋች? መንገደኛ ናት፣ አሳፍራት።» ከሰል አጉራሹ የፉርጎውን ጣሪያ ከፈተ፤ ሽማግሌው ሁለተኛ ጊዜ ልጅቷን ቀስ አድርጎ አሳፈራት። ባልየው ሰማያዊዋን ከሰዓቱ ስር አቆማት። ውሻው ስላጨናነቃት ገፋ አደረገው፤ ውሻው ከአፋፉ ወደቀ፣ ማንም አላነሳውም።

«እሺ» አለ ላቡን እየጠረገ። «በቃ፣ ድልድዩን ላውርደው?»

«የአክስቴ ባቡር አልደረሰም።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እኔ ምን አውቄ? ከላይ ሆነህ ስትናገር የነበርከው አንተ ነህ። ምን ነበር ያልከው?» ማይክሮፎኑን ዘረጋችለት።

ተቀበላት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ጣቢያው ውስጥ ጥሏት የመጣው ቃል ይህን ያህል ትከብዳለች ብሎ አላሰበም። «ክቡራን መንገደኞች» አለ በማይሰማ ድምፅ። «ባቡሩ ዘግይቷል።» ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፤ መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። «በጣም ዘግይቷል» አለ።

እሷ ትሪውን ከመሬት አነሳች። ባቡሩ አፍንጫውን ገደሉ ላይ አንጠልጥሎ ሲጠብቅ፣ ማንንም ሳትጠብቅ በበሩ አልፋ፣ ለሁሉም አንድ በአንድ ሻይ አደለች። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ቀዝቅዟል ብሎ ለመናገር ግን የደፈረ አልነበረም።